የሌላ ሰው ስምንተኛው ሺ

እኛ ሀገር ዓለም የምታልቅበት ምክንያት አያልቅም። ልጅ ለአዋቂ ከመቀመጫው ሳይነሣ ከቀረ ስምንተኛው ሺ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ከተሰቀለ ስምንተኛው ሺ ነው። ጎረምሳ ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ካንጠለጠለ፣ ሙሽራ አንገቷን መድፋት ትታ በገዛ ሠርጓ ከጨፈረች፣ ያው ስምንተኛው ሺ ነው። በጥር ዝናብ ከጣለማ ማስረጃው ተሟላ ማለት ነው። ደግሞ ይህን የሚናገር ሰው ፊቱ ላይ ድንጋጤ አይታይም። ቡናውን ፉት እያለ ነው የሚያወራው። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳለት ድረስ ዓለም እንደማታልቅ እርግጠኛ ነው።

ሂሳቡን ብንሠራው ደግሞ ነገሩ ቆይቷል። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው በሚለው የሊቃውንቱ ቁጥር ከሄድን፣ ሰባተኛው ሺ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺ ውስጥ ከገባን እንግዲህ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖናል። «ገባ! ገባ!» እያልን የምንጮህበት ዘመን ቅድመ አያቶቻችን ተወልደው፣ ተድረው፣ አርጅተው የሞቱበት ዘመን ነው። (በእርግጥ በገባ በ21 ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ የሆነውን ያዩ ሰዎች ትንቢቱ ደረሰ ቢሉ አይፈረድባቸውም።)

ፈረንጆቹም የራሳቸው ስምንተኛው ሺ አላቸው። እነሱ ግን ቡና ላይ ከማውራት ይልቅ ልቦለድ ያደርጉታል። ፍራንክንስታይንን የጻፈችው ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1826 «የመጨረሻው ሰው» የሚል መጽሐፍ አሳተመች። ወረርሽኝ የሰውን ዘር ጠርጎ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር የሚተርክ ነው። ባሏንና ከአራት ልጆቿ ሦስቱን የቀበረች ሴት ናትና ርዕሱን ከሩቅ አላመጣችውም። አሜሪካዊው ጆርጅ ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ1949 ርዕሱን ከመጽሐፈ መክብብ ወስዶ «ምድር ጸንታ ትኖራለች» አለ። የእሱ ባለታሪክ ከወረርሽኝ ተርፎ ትልቁን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለመጪው ትውልድ ብሎ ይጠብቃል። ትውልዱ ሲመጣ ግን ማንበቡ አልሆነለትም። ሽማግሌው በመጨረሻ የሚያስተምራቸው ቀስትና ደጋን መሥራት ነው።

ዋልተር ሚለር የሚባለው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞንቴ ካሲኖ የተባለውን ጥንታዊ የጣሊያን ገዳም በቦምብ ካፈረሱት የአሜሪካ አየር ኃይል ሰዎች አንዱ ነበር። ተመልሶ የጻፈው ከኑክሌር ጦርነት በኋላ በበረሃ ገዳም ተቀምጠው የጠፋውን ዓለም ወረቀት ስለሚገለብጡ መነኮሳት ነው። መነኮሳቱ የሚገለብጡት ምን እንደሆነ አያውቁም። የአንድ ኢንጂነር የገበያ ዝርዝር እንደ ቅዱስ ንዋይ ይቀመጣል። አንዱ መነኩሴ የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ በወርቅ ቀለም ሲያስጌጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። ብራና ሲፍቅና ቀለም ሲበጠብጥ የኖረ የዋግ ቁም ጸሐፊ ይህን ቢሰማ የሚስቅ አይመስለኝም። «ጎሽ፣ አላስጠፉትም» የሚል ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ ሀገራችን፣ በአማርኛ፣ ዳንኤል ታደሰን መሪ ተዋናይ አድርጎ የሠራው «ክራምብስ» የተባለ ፊልምም ከዚሁ ዘር ነው። በዚያ ፊልም የዛሬ የፕላስቲክ መጫወቻ የነገ ቅርስ ሆኖ ይታያል።

የእኛ የዓለም ፍጻሜ ከእነሱ የሚለይበት ነገር አለው። በእኛው ፍጻሜ ላይ ዳኛ አለ። በፍካሬ ኢየሱስ እንደተጻፈው ከመከራው ማዶ ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ ይመጣል። የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ስሙን የመረጡት በከንቱ አልነበረም። በፈረንጆቹ ልቦለድ ግን ዳኛም ንጉሥም አይመጣም። ዓለም ታልቅና በማግስቱ ፀሐይ ትወጣለች፤ የተረፈው ሰው ቁርስ ፍለጋ ይወጣል። ይህ ከስምንተኛው ሺ ይልቅ ለሌላኛው ቃላችን፣ ለ«ክፉ ቀን» ይቀርባል። ክፉ ቀን ያልፋል። ካለፈ በኋላ ደግሞ ጎረቤትህን ገበያ ላይ ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ እሱ ምን እንዳደረገ አንተ ታውቃለህ፤ አንተ ምን እንዳደረግህም እሱ ያውቃል። ያን ሁሉ ይዛችሁ ሰላም ትባባላላችሁ።

እነዚህ መጻሕፍት ለምን አያረጁም ብሎ ለሚጠይቅ የተለመደው መልስ «ፍርሃቱ ስለሚታደስ» የሚል ነው። በ1950ዎቹ ቦምቡ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ አሁን ደግሞ የአየር ንብረቱ። እውነት አለው፤ ግን ለሎንዶን ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ከሰቆጣ ሆኖ ላነበባቸው መልሱ ሌላ ነው።

ለዚህ የሚጠቅመን አንድ መጽሐፍ አለ። እንግሊዛዊው ጆን ክሪስቶፈር እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው «የሣር ሞት»። ነገሩ ቀላል ነው። ቻይና ውስጥ ሩዝ የሚገድል ቫይረስ ይነሣል። ከዚያ ጠባዩን ይቀይርና ሣር የተባለን ሁሉ ያደርቃል። ሣር ሲባል የበግ ግጦሽ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ስንዴ ሣር ነው፣ ገብስም ሣር ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ ሁሉም ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። እንጀራውም፣ ጠላውም፣ ገንፎውም፣ የገብስ ቆሎውም ሣር ነው። በሬውም ያው ሣር በልቶ ነው በሬ የሆነው።

እስቲ ቫይረሱን ዋግ ኽምራ ላይ እንልቀቀው። ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ደሃናና ጋዝጊብላ ደጋ፣ ከዚያም ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ ስንወርድ ምን ይተርፋል? የአበርገሌ ፍየል የግራር ቅጠል መቀንጠብ ስለምታውቅበት ትንሽ ትሰነብታለች። ንቧም አበባ እስካገኘች ማሯን አትከለክልም። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር ሣር አይደሉምና ይተርፋሉ። ሽሮው አለ ማለት ነው፤ የሚበላበት እንጀራ ነው የጠፋው። እንግዲህ ደራሲው ስንት ገጽ የፈጀበትን ነገር አንድ የዋግ እመቤት በዚህች ዓረፍተ ነገር ትረዳዋለች።

ነገሩ ደግሞ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የከብት ወረርሽኝ ገባ። ጣሊያኖች ለጦራቸው ባስመጡት የሕንድ ከብት ነው የመጣው ይባላል። በአማርኛ የበሽታው ስም «ደስታ» ነው። መቼም ባለከብቱ ክፉን በደህና ስም መጥራቱን ያውቅበታል። ደስታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ የከብቱን አብዛኛውን ፈጀ። ሞፈሩ አለ፣ ቀንበሩ አለ፣ መሬቱም አለ፤ የሚጎትተው በሬ ግን የለም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመሩበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ዘመን በታሪካችን ክፉ ቀን ተብሎ የቀረው ነው። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። ጅብ ከቤት ደጃፍ ሰው ይወስድ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡን ያለ በሬ ማረስ እንደሚቻል ሊያሳዩ ሞከሩ። እንግዲህ ክሪስቶፈር «ምን ቢሆን?» ብሎ የጠየቀውን የእኛ አያቶች ከ60 ዓመት በላይ ቀድመው ኖረውታል።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ባለታሪኩ ጆን ኩስታንስ የሎንዶን ሰው ነው፤ ባለሙያ፣ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት። ወንድሙ ዴቪድ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ በተራራ የተከበበ፣ በአንዲት ጠባብ በር የሚገባበት ሸለቆ አለው። ዴቪድ አስቀድሞ ነቅቶ ድንችና ሥራ ሥር ተክሏል። ስንዴው አልቆ ሎንዶን ስትዘጋ፣ መንግሥትም ሕዝብ ለመቀነስ በገዛ ከተሞቹ ላይ ቦምብ ሊጥል ነው ሲባል፣ ጆን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ወንድሙ ይሸሻል። መንገዱ ጥቂት ቀን ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይህ ጨዋ ሰው ወታደር ገድሎ ኬላ ያልፋል፣ ለዳቦ ሲል አንድ ገበሬና ሚስቱን በገዛ ቤታቸው ያስገድላል። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልጆቼ። ሸለቆው በር ላይ ሲደርስ መትረየስ ተጠምዷል። ወንድሙ የጆንን ሚስትና ልጆች ልቀበል ይላል፤ አብረውት የመጡትን ግን አልችልም ይላል። መጨረሻው ውጊያ ነው። ወንድም ይሞታል፣ ጆን ሸለቆውን ይይዛል።

ይህን ያነበበ አብዛኛው ሰው መጽሐፉን ዘግቶ የሚለው «ሰው ሲርበው አውሬ ነው» ነው። ለዚህም ይመስለኛል የሚወደድለት። እኔ ግን የመጽሐፉ ክብደት ያለው መጨረሻው ላይ አይመስለኝም። መጀመሪያው ላይ ነው፤ ሰዎች ሻይ እየጠጡ ስለ ቻይና ረሃብ የሚያወሩበት ቦታ ላይ። ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው ዜና ሚሊዮኖች አለቁ የሚል ነው። የሎንዶኖቹ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ያዝናሉ። ሳይንቲስቶቹ መላ እንደሚያገኙ ያምናሉ፤ ደግሞም የእስያ ሰው ነገሩን ቀደም ብሎ ቢናገር ኖሮ ይላሉ። ከዚያ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ያወራሉ። ዓለም አልቃለች እኮ! የሌላ ሰው ስለሆነች ነው ያልታወቃቸው። ይህን ሳነብ መጽሐፉ የተጻፈው ስለ ሎንዶን መሆኑን እረሳለሁ።

ምክንያቱም ዋግ የሌላ ሰው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሆኖ ያውቃል። መስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ታከብር ነበር። ሰልፉ፣ ቀይ ጨርቁ፣ የኢሠፓ ምሥረታ፣ የውጭ እንግዳው። በዚያው ወር የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኮረም ይወርድ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ሞሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል ቡርክ የዘገበው ፊልም በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ኮረምን አየ። ከዚያ ስንዴው መጣ፣ ዘፈኑም መጣ። ግን ጥቅምት 13 ለተመልካቹ እንጂ ለኮረም የመጀመሪያ ቀን አልነበረም። ለብዙው ሰው የመጨረሻው ቀን አልፎ ነበር። ቀጥሎም ሰፈራው ሆነ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ተጓጓዘ። ፈቅዶ የሄደም፣ ተገዶ የተጫነም ነበረበት። ባል እዚህ ሚስት እዚያ፣ ልጅ በመሐል የቀሩበት ቤት ብዙ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውንም፣ የ1965ና የ66ቱን የወሎ ረሃብ፣ አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ መርምሮታል። የደረሰበት ነገር ዛሬም ያሳፍራል። በሀገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው ሰማይ አልነካም። ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህልም ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው። ሰው መንገድ ዳር ወድቆ፣ በአስፋልቱ ላይ እህል የጫነ መኪና ያልፋል ማለት ነው።

የእነዚያ ልቦለዶች ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ይታየኛል። ዓለም ለሁሉም በአንድ ቀን የምታልቅ አድርገው ነው የሚያስቡት። ባለጠጋው ከድሃው፣ ሚኒስትሩ ከዘበኛው እኩል ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ፍትሕ የለም። ዓለም በየቤቱ ነው የምታልቀው። አንዱ ቤት አልቃ፣ በቀጣዩ ቤት ቡና ይፈላል። ስለዚህ «ሁሉም ካለቀ በኋላ ሰው ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ደስ የሚል የክረምት ጨዋታ ነው። ከባዱ ጥያቄ ዓለሙ ያላለቀችበትን ሰው የሚመለከት ነው፤ የጎረቤቱ ሲያልቅ ያየውን ሰው።

«ሰው ሲርበው አውሬ ነው» የሚለውን ንግግር የምጠረጥረውም ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚናገረው የጠገበ ሰው ነው። የሚጠቅመውም እሱኑ ነው። የተራበው አውሬ ከሆነ በሩ ላይ መትረየስ መጥመድ ጥንቃቄ እንጂ ኃጢአት አይባልማ!

የተራበውን ቀርበው ያዩት ግን ሌላ ነገር ጽፈዋል። አሌክስ ደ ዋል የተባለው እንግሊዛዊ በዚያው በእኛ 1977 ዓ.ም. ጎረቤታችን ዳርፉር የነበረውን ረሃብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትሟል። ሰዎቹ ያላቸውን ሁሉ ሸጠው ለመብላት አልተሯሯጡም። ከብታቸውንና እርሻቸውን ላለማጣት ብለው እያወቁ ተራቡ። ለዘር ያስቀመጡትን እህል የራባቸው ልጆች እንዳይበሉት ከአሸዋ ጋር የደባለቁ ነበሩ። ጆን ኩስታንስ ለልጆቹ ብሎ የሰው ዳቦ ወሰደ። እነዚህ ደግሞ ለልጆቻቸው ብለው ከልጆቻቸው አፍ ዘሩን ከለከሉ። ለሚመጣው ሐምሌ ሲባል የዛሬን ለቅሶ መስማት! ይህን አውሬ አያደርገውም።

የዋግ ገበሬም በክፉ ዘመን የሚያደርገው ከዚህ አይርቅም። መጀመሪያ ፍየሏ ትሸጣለች። ምግቡ ሁለቴ የነበረው አንዴ ይሆናል። ጎረምሳው ለቀን ሥራ ይሰደዳል። በሬውና ዘሩ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። በሬው ገበያ ከወጣ ያ ቤት እጁን ሰጥቷል ማለት ነው። ታዲያ በዚያ ቀን በሬውን በፍየል ዋጋ የሚገዛ አይጠፋም። የሚገዛው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ እሱም ልጆች አሉት።

እንዳላጋንን። ረሃብ ወግ ይሰብራል። በደጋው ሀገር የመሸበት መንገደኛ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ «ይግቡ» ይባላል። ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ እግር ከታጠበ በኋላ ነው። ኩስታንስን በዚያ በር ላይ እናቁመው እስቲ። ጠብመንጃውን ደብቆ «ቤቶች!» ቢል፣ ባለቤቱ ከውስጥ «ስንት ናችሁ ጌታው?» ማለቱ አይቀርም፤ ጎተራውን ያውቀዋላ። ምናልባት ለልጆቹ ብቻ ቆሎ ይሰጥና «ለእናንተ እግዜር ያውቃል» ይል ይሆናል። በክፉ ቀንና በ77 ያልከፈቱ በሮች እንደነበሩ ማንም ያውቃል፤ አረጋውያኑ ስለዚያ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ግን ዝቅ ማለቱ ራሱ አንድ ነገር ነው። የተዘጋው በር አሁንም ያሳፍራል፤ ወጉ ተሰበረ እንጂ አልተሻረም። ክሪስቶፈር ጆን ኩስታንስን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገበያ ላይ አላሳየንም። ያን ምዕራፍ ቢጽፈው ኖሮ ከሁሉም የበለጠ አነበው ነበር።

የቅርቡንም ማለፍ አይቻልም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ፣ በኋላም በ2014 ዓ.ም.፣ መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ተቆረጠ፣ ባንኩ ተዘጋ። የባንክ ደብተር ውስጥ ያለ ገንዘብ ቁጥር ብቻ ሆነ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ ተጠለለ። በሚለር መጽሐፍ ይህ ከቦምብ በኋላ የሚመጣ ዘመን ነው። እዚህ ግን ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ያለ ሀገር ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሠርጉም ልደቱም እንደ ወጉ ቀጥሎ ነበር። ዋግ ዘመድ ያለው ሰው ስልኩን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ዘመድ የሌለው ዜናውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ቻናል ይቀይራል።

መጥፎውን ብቻ አውርቼ እንዳልሄድ፣ ስለ ደስታም ልንገራችሁ። የከብት በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ ጠፍቷል ተብሎ በይፋ ታወጀ። ሰው ከዓለም ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በእኛ ሀገር ከመጨረሻዎቹ ምሽጎቹ አንዱ አፋር ነበር። በዚያ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው በእግራቸው ከብት ተከትለው የከተቡት ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ልቦለድ የጻፈለት ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ዓለም ስትጠፋ እንጂ ሳትጠፋ ስትቀር ታሪክ አይወጣትም መሰለኝ።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ለሰነዱ የተሰጠው ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነበር። መቀንጨር ጩኸት የለውም። ልጁ ይስቃል፣ ይድሃል፣ ጎረቤትም «ደቃቃ ነው እንጂ ደህና ነው» ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን መለኪያው ላይ አስተኝታ ስታየው ለዕድሜው የሚገባውን ያህል አልረዘመም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጎደለው ቁመትና አእምሮ በኋላ ሲበላ እንዳለ አይመለስም። ዓለም በየቤቱ ታልቃለች ስል የማስበው ይህንንም ነው፤ በሴንቲ ሜትር የሚለካውን። ቃል ኪዳኑ ከተገባ ወዲህ ዋግ ላይ የ2008ቱ ድርቅ አልፏል፣ አንበጣው አልፏል፣ ጦርነቱ አልፎበታል። ቀኑ ግን አልተለወጠም፤ 2022 ዓ.ም. ነው።